ኦቨኑን ከመቀየርዎ በፊት ሶኬቱን ይፍቱት

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ከዱባይ የተላከልዎት ባለ 25 ሊትር፣ 1800 ዋት የጠረጴዛ ኦቨን አለዎት፤ ኤር ፍራየርም አለው። ከተለኮሰ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ፋኑም መብራቱም አንድ ላይ ይጠፋሉ፤ ስፒናውን ነካ ነካ ሲያደርጉት ይመለሳል። የሰፈር ጠጋኝ «ቴርሞስታቱ ነው»፣ ማለትም ሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ብሎ እሱን አልፎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘው። መጥፋቱ ግን አልቀረም። ጭራሽ ዶሮው ላዩ እያረረ ውስጡ ጥሬ ይወጣል፤ ቁልፉን 160 ላይም 220 ላይም ቢያደርጉት ለውጥ የለውም። አሁን እህትዎ ከዱባይ ተለቅ ያለ አዲስ ልትልክልዎት ነውና የትኛውን ትግዛ ይላሉ።

አዲሱም እዚያው ሶኬት ላይ ከተሰካ ዕጣው ያው ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ስፒናውን ሲነካኩት ይመለሳል» የምትለዋ ናት። ቴርሞስታት ቢሆን ኖሮ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም የሚግለውን ዘንግ፣ ብቻ ያጠፋና ፋኑ መሽከርከሩን ይቀጥል ነበር። ቴርሞስታቱ ከመስመር ወጥቶ እንኳ መጥፋቱ ካልቀረ ደግሞ ጥፋቱ መጀመሪያውኑ እዚያ አልነበረም። መብራቱ የሚቋረጠው ከኦቨኑ በፊት፣ ስፒናና ሶኬት በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ስፒናው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ የእንግሊዝ ስፒና ነው፤ በአዳፕተር፣ ምናልባትም ከአዳፕተሩ በኋላ በዲቫይደር ነው የሚሰኩት ብዬ እገምታለሁ። ከሆነ ዛሬውኑ ይንቀሉት። ኦቨን በዲቫይደር አይሰካም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ነገር የተረዳ ሰው ቤቱን ከእሳት ያድናልና። ኦቨንዎ ከግድግዳው 7 አምፒር ግድም ይስባል። ጥርሱና የሶኬቱ መዳብ በደንብ ሲጨባበጡ በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ (እዚህ ላይ ዘንጉን ሳይሆን የኤሌክትሪክ መንገዱን እንቅፋት ማለቴ ነው፤ በኦም ይለካል) ከአንድ ኦም መቶኛ ያነሰ ነው፤ 0.005 ኦም እንበል። እዚያ ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በኦሙ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ 7 በ7፣ 49፤ በ0.005 ሲባዛ ሩብ ዋት ገደማ። ማንም አይሰማውም። የሶኬቱ መያዣ ከላላና ከጠቆረ ግን ሬዚስታንሱ በቀላሉ ግማሽ ኦም ይደርሳል፤ 49 በ0.5 ሲባዛ 25 ዋት ይጠጋል። ይህ እንግዲህ የሬዲዮ ጠጋኝ የብየዳ ካውያ ሙቀት ነው፤ እሱን ፕላስቲክ ውስጥ ቀብረው ለሃያ ደቂቃ እንደ መተው ያለ ነገር ነው። መያዣው ሲግል ስፕሪንግነቱን ያጣል፤ ሲላላ የባሰ ይግላል፤ ሲግል የባሰ ይጠቁራል። በመጨረሻ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲነካካ ደግሞ ይገናኛል። እርስዎ የሚያዩት ይህንን ነው።

ሰዎች የሚሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ «የስልክ ቻርጀር ይሠራበታል፣ ሶኬቱ ደህና ነው» ይላሉ። ቻርጀር ከግድግዳው የሚስበው ከአምፒር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ 0.1 በ0.1፣ በ0.5 ሲባዛ ምንም ማለት አይደለም። የተበላሸ ሶኬት ለቻርጀር ዕድሜ ልኩን ያገለግላል። ሁለተኛ፣ «አደጋ ቢኖር ብሬከሩ ይወርድ ነበር» ይላሉ። ብሬከር የሚያየው አምፒርን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ሶኬቱ እየቀለጠ ሳለም በመስመሩ የሚያልፈው ያው 7 አምፒር ነው፤ ባለ 16 ብሬከር ምንም አይታየውም። ጠረን ከሸተተዎት ብሬከሩን አይጠብቁ።

አሁን ወደ ሥራው። ብሬከሩን ያውርዱ፤ በቴስተር መጥፋቱን ያረጋግጡ። ሶኬቱን ከግድግዳው ይፍቱ። የሽቦው ልባስ ከጠቆረ ወይም እንደ ደረቅ ቅጠል ከተሰበረ፣ መዳቡ አብረቅራቂ እስኪሆን ድረስ ሁለትም ሦስትም ሳንቲም ቆርጠው ይጣሉ። ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ሆኖ ካገኙት ኦቨኑን እዚያ መስመር ላይ አይሰኩ፤ ኤሌክትሪሽያን ይጥሩ። አዲሱ ሶኬት ባለ 16 አምፒር፣ የኤርዝ ምላስ ያለው ይሁን። ጫፉን አንድ ሳንቲም ያህል ልጠው ያስገቡ፤ ብሎኑን በደንብ ያጥብቁ፤ ከዚያ ሽቦውን ሳብ አድርገው ይሞክሩት።

ሱቅ ሲሄዱ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ብዙው ርካሽ ሶኬት ላይ «16 አምፒር» ተጽፎ ውስጡ ግን ቀለም የተነከረ ብረት ነው፤ መያዣው ማግኔት ከሳበ ይመልሱት። የዲቫይደሩ ነገርማ አይነሣ፤ ገመዱ ላይ 1.5 ተጽፎ ውስጡ ፀጉር የሚያክል ነው፤ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ ሲያደርጉት መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሆኖ ይገኛል። ሻጩ «ለኦቨን ይሆናል» ቢልዎትም ኦቨን በዲቫይደር አይሰካም።

ቀጥሎ ስፒናው። አዳፕተሩን ይጣሉት። ባለ አራት ማዕዘኑን ስፒና ቆርጠው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ፣ ባለ ኤርዝ የ16 አምፒር ስፒና ይግጠሙ። ቡኒው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኤርዝ ነው። ኤርዙን ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርገው ይተዉት፤ ገመዱ ቢሳብ መጨረሻ የሚላቀቀው እሱ እንዲሆን። የሽቦውን ጫፍ በእርሳስ አይበይዱት። እርሳስ ከብሎን ሥር ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ይላላል፤ ጠጋኞች ለማሳመር ሲሉ የሚያደርጉት ነው። ጠምዝዞ ማስገባት፣ ከተገኘም ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ትንሽ የመዳብ ቱቦ ማልበስ ይበቃል። ሲጨርሱ ኦቨኑን ለ20 ደቂቃ ያስነሡና አጥፍተው፣ ነቅለው ስፒናውን ይያዙት። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅዎን ካቃጠለ የሆነ ቦታ ላልቷል።

ቴርሞስታቱን ማለፍ የጠጋኙ ጥፋት ነው፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ዶሮው ላዩ የሚያርረው ሬዚስታንሱ ያለ ማቋረጥ ስለሚነድ ነው፤ ቁልፉ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጥበቃ የሌለው ኦቨን ውስጥ የፈሰሰ ቅባት በእሳት የሚያያዝበት ሙቀት ላይ ሊደርስ ይችላል። እስኪስተካከል ድረስ አይጠቀሙበት። መተኪያው 16 አምፒር፣ 250 ቮልት የተጻፈበት፣ እስከ 250 ዲግሪ የሚሄድ፣ የመዳሰሻ ቱቦው ርዝመት ከድሮው ጋር እኩል የሆነ ይሁን። ከሬዚስታንሱ አጠገብ ያለው ትንሹ የሙቀት ፊውዝ በሽቦ ታልፎ እንደሆነም ያስፈትሹ፤ እሱም በራሱ ልክ ይተካ።

ወደ ግዢው እንምጣ። እህትዎ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ከኦቨኑ ጀርባ ያለችውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ ትላክልዎት። 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ወይም 50/60 የሚል ከሆነ ለእኛ ይሆናል። ከሳዑዲ የሚመጣም አብዛኛው 50/60 ይላል። ከእስራኤል የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፤ ስፒናውን ግን መቀየር ነው። ከአሜሪካ «ቅናሽ አገኘሁ» የሚል ዘመድ ካለዎት አመስግነው ይመልሱት፤ 120 ቮልት ነው። እኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ለ1800 ዋት የሚሆነው ትራንስፎርመር ቢያንስ 2500 ቪኤ (ቮልት አምፒር) ነው፤ ከኦቨኑ የሚበልጥ ክብደት ወጥ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ላይ መሰካት ደግሞ ሁለቱንም ማጣት ነው።

የተጻፈው ዋት የሚሰላው ብዙ ጊዜ በ240 ቮልት ነው። በ220 ቮልት 1800ው 1500 ይሆናል፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ቮልቱ 190 ከወረደ 1130 አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ሊትሩ በበዛ ቁጥር ጥሩ አይደለም። እኔ በሊትር ከ60 እስከ 70 ዋት ያለው ካልሆነ አልመክርም፤ ለ25 ሊትር 1500 ዋትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። 35 ሊትር ሆኖ 1500 ዋት የሆነው ዳቦ ያደርቃል እንጂ አያበስልም። አራት ሰው ላለበት ቤት ከ23 እስከ 26 ሊትር ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሊትር ትተው የውስጡን ስፋት ይጠይቁ፤ 30 ሳንቲም ትሪ ካልገባ ድፎውን ይርሱት።

ፋኑ ዋናው ነገር ነው። ኤር ፍራየር የሚባለው ፈጣን ፋን ከሬዚስታንሱ ጋር ተጠግቶ፣ ከላይ ወይም ከኋላ፣ ትኩስ አየሩን በቀጥታ ምግቡ ላይ ሲያወርድ ነው። ጎን ላይ ሬዚስታንስ የሌለው ትንሽ ፋን ብቻ ካለ ተራ ኦቨን ነው፤ ድንቹ ይለሰልሳል እንጂ አይንኮሻኮሽም። ፋኑን ለብቻው ማጥፋት የሚቻልበትን ይምረጡ። ዳቦና ኬክ በፋን ሲጋገሩ ሊጡ ሳይነሣ ቅርፊቱ ይደርቃል። ሬዚስታንሱ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ቢሆን ይሻላል። ነጭ የብርጭቆ ቱቦ ያለው ቶሎ ይግላል፤ ግን ውኃ ወይም የዶሮ ጭማቂ ሲነካው ይሰነጠቃል። የብረት ዘንግ ያለው ዘገምተኛ ቢሆንም ይቆያል።

በቁልፍና በዲጂታል መካከል ሲመርጡ ቁልፉን ይውሰዱ። ዲጂታሉ ያምራል፤ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ግን መጀመሪያ የምትሞተው ያቺ ሰሌዳ ናት፤ መለዋወጫዋም አይገኝም። መብራት ሲሄድ የየትኛውንም ዓይነት ስፒና ይንቀሉ።

አቀማመጡ ላይ፣ ከኋላና ከጎን 10 ሳንቲም ይተዉ፤ ከእንጨት ቁም ሣጥን ሥር ወይም ፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ላይ አያስቀምጡ። የመጀመሪያ ቀን ባዶውን በከፍተኛው ሙቀት 20 ደቂቃ፣ መስኮት ከፍተው ያንድዱት፤ የፋብሪካው ዘይት ይጨሳል። ፎይል ቅርጫቱ ላይ ካነጠፉ አየሩን ዘግተው ኤር ፍራየሩን አጠፉት ማለት ነው። ምጣድ ሲጋግሩ ኦቨኑን አያስነሡ፤ ምጣዱ ብቻውን 3500 ዋት ግድም ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ከ22 አምፒር ያልፋሉ። ቅባት ቢቀጣጠል በሩን ሳይከፍቱ ከግድግዳው ይንቀሉት፤ ውኃ አያፍስሱ። ስፒናውን ካልደረሱበት ብሬከሩን ያውርዱ። ይህንንም ለማድረግ ስፒናው በግልጽ በሚታይ ሶኬት ላይ መሆን አለበት፤ ከማቀዝቀዣ ጀርባ ከተደበቀ ዲቫይደር ላይ ሊሆን አይገባም። ኦቨን በዲቫይደር አይሰካም ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ዶሮውን ቆራርጠው፣ ከመካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ በ180 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ አጥንቱ አጠገብ 74 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ሙሉውን ከሆነ በ160 ይጀምሩና የመጨረሻውን 10 ደቂቃ 200 ያድርጉት። ከውጭ የመጣ የምግብ አሠራር የሚሰጠው ደቂቃ ለአዲስ አበባ ያጥራል፤ እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ነው የሚፈላው፣ ስስ አየርም ሙቀት በደንብ አይሸከምም፤ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ።

አሮጌው ኦቨንዎ በልኩ ሊስተካከል የሚችል ነው። ሶኬቱን፣ ስፒናውንና ቴርሞስታቱን ካስተካከሉ በኋላ የኦቨን ቴርሞሜትር መካከል ላይ ሰቅለው ቁልፉን 180 ላይ ያድርጉ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከ165 እስከ 195 መካከል ካነበበ ለእህትዎ ይደውሉና በኦቨኑ ፋንታ ሁለት ጥሩ የማይዝግ ብረት ትሪ ትላክልዎት።