ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ እሳት

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ አለው። ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ (ያቀናበርኩትን ወደ መጨረሻው ፋይል ስቀይር) ካርዱ 84 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፋኖቹም (ማራገቢያዎቹ) ይጮኻሉ። የኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ፊት መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ኋላ ሦስት ባለመብራት ፋኖች አሉት። ፋን ልጨምር ወይስ ኬዙን ልቀይር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካርዱ 84 ላይ አይቃጠልም፤ የቺፑ ሠሪ ኤንቪዲያ ያስቀመጠለት ጣሪያ 93 ዲግሪ ነው። ቢሆንም በዚህ ሙቀት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፣ ሬንደሩም ይዘገያል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይሞክሩት። አንድ ቪዲዮ ለ20 ደቂቃ ሬንደር እያደረጉ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ሙቀት በሚያሳየው ፕሮግራም በኤችደብሊውኢንፎ (HWiNFO) ይመዝግቡ። ከዚያ የፊቱን መስታወት አንሥተው፣ ክፍሉ ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ፣ ያንኑ ቪዲዮ ይድገሙት። ሙቀቱ 8 ወይም 10 ዲግሪ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ ነው። የወረደው 2 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ኬዙን ይተዉት፤ ወይ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት) በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል።

እኛ ኬዙን እንጠረጥራለን። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚሸፍነው ስፋት 113 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 340 ገደማ ይሆናሉ። አየሩ የሚገባው ግን በመስታወቱ ግራና ቀኝ ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ በእያንዳንዱ ጎን 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ድምሩ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የፋኖቹ ሲሶ ያህል ነው። ፋን መጨመር ጠባብ በር ላይ የሚጋፋ ሰው መጨመር ነው። ይባስ ብሎ፣ ከውጭ አየር ያጣ ፋን የሞቀውን የውስጥ አየር በዙሪያው ባሉ ቀዳዳዎች መልሶ ይስበዋል።

ስለዚህ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ይግዙ። ሱቅ ውስጥ የስልክዎን መብራት ከውስጥ ወደ ፊት ያብሩበት፤ ብርሃኑ በደንብ ካልታየ አየሩም በደንብ አያልፍም። አንዳንዱ ከውጭ ወንፊት ይመስልና ከኋላው ድርብርብ ማጣሪያ አለው። ለምሳሌ ኮርሴር 4000ዲ ኤርፍሎው ፊቱ ወንፊት ነው፤ እስከ 360 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ካርድና እስከ 170 ሚሊ ሜትር የሚቆም የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ይይዛል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከየትኛውም ኬዝ ላይ ሳያዩ አይክፈሉ። ኬዙ ይይዛል የተባለው የካርድ ርዝመት የተለካው የፊት ፋን ሳይገጠም ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር ይቀንሱለት።

ሲገጥሙ ሁለት ወይም ሦስት ፋን ከፊት ያስገቡ፣ አንድ ከኋላ ያስወጡ። ፋን አየር የሚተፋው ሞተሩን የያዙት አግዳሚ ክንዶች ባሉበት በኩል ነው፤ ከተጠራጠሩ ቁራጭ ሶፍት አስጠግተው ይዩ። ከላይ ፋን ከጨመሩ ወደ ኋላ ጠርዝ ያስጠጉት። ወደ ፊት ካደረጉት ገና የገባውን ቀዝቃዛ አየር ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ ያስወጣዋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያለው ወንድሜ እንደ እኔው ዓይነት ኮምፒውተር አለው። ሁለታችንም ክፍል ውስጥ 24 ዲግሪ ሆኖ የእኔው የበለጠ ይሞቃል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቀዝቃዛም ነው፣ ስስም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ዱባይ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን እኩል ቢሆንም ሙቀት የሚሸከመው የአየር ክብደት ያንሳል። የውጭ አገር ግምገማዎች የሚጽፉትን ዲግሪም እዚህ እንዳለ አይጠብቁ። ኬዙ ከፈቀደ በ120 ፈንታ ባለ 140 ሚሊ ሜትር ፋን ይግጠሙ፤ ብዙ ሳይጮኽ ብዙ አየር ይገፋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን አቧራ ይበዛል። ወንፊት ፊት ያለው ኬዝ አይብስም? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ማጣሪያ ካለውና የሚያስገባው አየር ከሚያስወጣው ከበለጠ አይብስም። የሚወጣው ከበዛ ኬዙ በየስንጥቁ ያልተጣራ አየር ይስባል። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ ያራግፉ፤ ካጠቡት ፈጽሞ ሳይደርቅ አይመልሱት። በብሎወር (አየር በሚነፋ መሣሪያ) ሲያጸዱ የፋኑን ክንፍ በጣት ይያዙ፤ ከአቅሙ በላይ ከዞረ ሊበላሽ ይችላል። የታችኛውን ማጣሪያ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል) የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ኬዙን ምንጣፍ ላይ አያስቀምጡ፤ ሌላ ቦታ ከሌለ ከሥሩ ጣውላ ያድርጉለት።