ኮምቦልቻ ላይ ብቻህን ከሆንክ፣ እንዲህ ያለ ቤት ፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ኮምቦልቻ ከገባህ ሁለት ሳምንትህ ነው። ዘመድ የለህም። ከሥራ ስትወጣ እራት የምትበላበት፣ አንድ ሁለት የምትልበት፣ ሰው የማይገላምጥህ ቤት ፈልገሃል። አብሽር፣ ሁላችንም እንዲሁ ነው የጀመርነው።

እኔ የመጣሁት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመርቆ ገና ሠራተኛ የሚጎርፍበት ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አስፋልት ዳር መብራቱ የደመቀ ቤት ገባሁ። ሜኑ የለም። አንድ ጥብስና ሁለት ድራፍት አዘዝኩ። ሂሳቡ ሲመጣ የሦስት ቀን የምግብ ብሬን ይዞት ሄደ። ብጠይቅም የሚያስረዳኝ ጠፋ። ዋጋ ሳትጠይቅ አትዘዝ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የኔን ቤት ያገኘሁት በሌሊት ፈረቃ ምክንያት ነው። ጠዋት ከሰርቪስ ስንወርድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ና ፍርፍር እንብላ» ብሎ ወደ ውስጥ ሰፈር ይዞኝ ገባ። ታፔላ እንኳ የለውም። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅ፣ በሩ ላይ ቧንቧ ያለው ጄሪካን ከነሳሙናው። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ምን ልታዘዝ አላሉኝም። «አዲስ ነህ? በል ታጠብና ተቀመጥ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ እንደማልጾም ጠይቀው አውቀው ስለነበር የኔን በቅቤ፣ የጓደኛዬን በዘይት ሠርተው አቀረቡ።

ሙስሊም ጓደኛ ካለህ ደግሞ ይህን ተመልከት። እትዬ ከጎረቤታቸው ከሙስሊም ምግብ ቤቱ ጋር በግድግዳ ብቻ ነው የሚለያዩት። ሙስሊሙ ጓደኛዬ ለጨዋታው ብሎ አብሮኝ ሲመጣ ምግቡ ከዚያ በነሱ ትሪ፣ በነሱ ሳህን ይመጣለታል። እሱ ለስላሳውን፣ እኔ ጃምቦዬን ይዘን እናመሻለን። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ግን ሳይነገራቸው የሚያደርጉትን ቤቶች ለይተህ ያዝ።

አንድ ነገር ግን መቼም አልረሳም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤቱ ተዘረፈ። ፍሪጁ፣ ወንበሩ፣ የዱቤ ደብተሩ ሳይቀር ጠፋ። እትዬ ተመልሰው በአንድ ምድጃ ሽሮ ብቻ መሥራት ሲጀምሩ ሰው ከየቤቱ በርጩማ እየያዘ መጣ። አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ቆሞ «እትዬ፣ የኔ ሦስት መቶ አርባ ብር ነበር» አለ። ደብተር የለ፣ ምስክር የለ። ከሱ ቀጥሎ ሌላው ተናገረ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ያለብኝን ሰማንያ ብር የዚያን ቀን ከፈልኩ።

እንዲህ ያለ ቤት ለማግኘት በፈረቃ መቀየሪያ ሰዓት ወደ ውስጥ ሰፈሮቹ ግባ። የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው የሚበዛበትን ቤት ምረጥ። ድራፍቱም እዚያ አይቆይም፤ ቢራ ፋብሪካው እዚሁ ስለሆነ ትኩስ ነው የሚመጣው፤ የሚበላሸው ጠጪ ባጣ ቤት ነው። ሰው ደጅ ተቀምጦ ካየህ አትፈር። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ጋቢ ታስለብሳለች፤ እኛ ግን በሙቀቱ ማታም ደጅ ነን። ገብተህ «እንደምን አመሻችሁ» በል፤ ቦታ ይለቁልሃል። ዱቤ ግን በመጀመሪያው ወር አትጠይቅ፤ ራሳቸው ሲያቀርቡልህ ይሻላል።

ፈረቃህን ጻፍልኝ። የጠዋት ከሆንክ እሁድ ከሰዓት እትዬ ጋ አብረን እንሂድ፤ እሁድ ዶሮ ስለሚሠሩ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።