የዓመት ትኬቱና የዕቁቡ ብር

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ የምንኖረው ባህር ዳር ቀበሌ 14 ነው። ሁላችንም ግን የአንድ ትንሽ ከተማ ልጆች ነን፤ ከዚህ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የከተማችን እግር ኳስ ክለብ ችግር ላይ ወድቋል። ተጫዋቾቹ የአራት ወር ደሞዝ አልተከፈላቸውም፤ አምናም ከመውረድ የተረፈው ለጥቂት ነው። አሁን ኮሚቴው ለሚቀጥለው ውድድር የዓመት ትኬት እየሸጠ ነው። አንዱ 2,500 ብር ነው። «ካልገዛችሁ ክለቡ ይፈርሳል» ተብለናል። ሦስታችን እንግዛ አልን። አራተኛዋ እህታችን አሻፈረኝ አለች። ሰሞኑን ዕቁብ የወጣላት እሷ ናት። ጣና ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፤ በብሩ ፍሪጅ ልትገዛ ነበር። «ለአራታችንም ክፈይልን፤ ቀስ እያልን እንመልስልሻለን» ብንላት እምቢ አለች። «አንቺ ክለቡን አትወጂም» ብለናት ይኸው ተኮራርፈናል። በእንግሊዝ አገር ደጋፊው ክለቡን የሚያድነው በዓመት ትኬት አይደለም እንዴ? እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ወደዚህ ክለብ ጨዋታ እጄን ይዞ የወሰደኝ አባቴ ነው፤ አሁን በሕይወት የለም። ምን ይመክሩናል?

መልስ

ልጄ፣ የከተማህንም የክለቡንም ስም ጽፈህልኛል። እዚህ አላወጣውም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአባትህ ነገር ልቤን ነካኝ።

በቅድሚያ የዕቁቡን ጉዳይ እንጨርስ፤ እሱ ላይ ምንም ጥርጥር የለኝም። የእህታችሁን ብር አትንኩ። ዕቁብ የወጣለት ሰው ብር አገኘ ይባላል እንጂ ገና ዕዳ አለበት። ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ መጣሏን ትቀጥላለች። እናንተ መመለሱ ቢያቅታችሁ የዕቁቡ ሰብሳቢ የሚይዘው እሷን ነው፤ ክለቡን አይደለም። ደግሞ ያለ ፍሪጅ ዓሣ መሸጥ ምን እንደሆነ ጣና ዳር የምትኖሩ ልጆች ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ እስከ ማታ ካልተሸጠ በተገኘው ዋጋ መስጠት ነው። ያ ፍሪጅ እንጀራዋ ነው።

አሁን ወደ ትኬቱ። እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልንገርህ።

በወጣትነቴ የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ክለቡ ችግር ላይ ነበር። እኛም እንደናንተ ኮሚቴ «አሁን ካልደረሳችሁ አለቀ» እያልን ከሰው አስቀድመን ብር ሰበሰብን። 214 ሰው ከፈለ። ስማቸውን በእጄ የጻፍኩበት ደብተር ዛሬም ቤቴ አለ። የዓመት መግቢያ፣ ማልያና ለውጭ ጨዋታ አውቶቡስ ቃል ገባንላቸው። ክለቡ ብሩን ተቀብሎ ያደረ የተጫዋች ደሞዝ ከፈለበት። አልተሰረቀም፤ ደረሰኙን አይቻለሁ። ግን ብሩ የሄደው ላለፈው ዓመት ነበር። ለአዲሱ ዓመት የተረፈ ነገር የለም። ታኅሣሥ ላይ ተጫዋቾቹ እንደገና ልምምድ አቆሙ። ማልያም አውቶቡስም ሳይመጣ ቀረ።

ዛሬም የሚከነክነኝ የብሩ ነገር አይደለም፤ ዝም ማለታችን ነው። ለከፈሉት ሰዎች ወጥቶ የተናገረ አልነበረም። ጠላ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት ለልጃቸው ብለው ከፍለው ነበር። ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኙኝና «ያቺ ብሬ የት ደረሰች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ቢሆን «ደሞዝ ተከፈለባት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እላቸው ነበር። ያኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምታቀርቡት አንደኛ ጥያቄ ይህ ይሁን። የእኛ ብር የሚከፍለው ያለፈውን ዕዳ ነው ወይስ የሚመጣውን ዓመት? ላለፈው ከሆነ በግልጽ ይንገሯችሁ። ያ ትኬት ሳይሆን መዋጮ ነው። መዋጮ ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ሰው የሚሰጠውን አውቆ ይስጥ። ደግሞ በአገራችን አብዛኛው ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። የከተማው አስተዳደር ለሚቀጥለው ዓመት በጀት አጽድቋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እሱ ከሌለ የእናንተ 10,000 ብር ለአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ እንኳ ላይበቃ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስንቱ ጨዋታ ነው በከተማችሁ የሚደረገው? ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ሲያጫውት ቆይቷል። ባህር ዳርም በዚያው ዓመት ተራ ደርሷት አስተናግዳለች። በታችኞቹ ሊጎችም አንድ ከተማ ተሰብስቦ መጫወት የተለመደ ነው። እንግዲህ የናንተ ቡድን ውድድሩን ሌላ ከተማ ሄዶ የሚጨርስ ከሆነ ትኬቱ የሚያስገባችሁ የት ነው? ይህን በወረቀት ካላሳዩአችሁ 2,500 ብሩ ባዶ ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ስለ እንግሊዝ ያልከው እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹ ነው። በሪ የሚባል ክለብ ነበረ። ኤፍኤ ካፕ የሚባለውን የእንግሊዝ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሳ፣ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊጉ የኖረ። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. በገንዘብ ችግር ከሊጉ ተባረረ። በዚያ የውድድር ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። የዓመት ትኬት የያዘው ደጋፊ ወረቀቱን ይዞ ቀረ። ያ ደጋፊ ፍቅር አጥቶ አይደለም።

በተቃራኒው ፖርትስማውዝን ተመልከት። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤፍኤ ካፕ አንስቶ ነበር፤ ከዚያ በዕዳ ተዘፍቆ እስከ አራተኛው እርከን ወረደ። በ2013 እ.ኤ.አ. ክለቡን ገዝተው ያዳኑት ደጋፊዎቹ ናቸው። ግን በትኬት አልነበረም። አንድ ሺህ ፓውንድ፣ አንድ ሺህ ፓውንድ እያወጡ አክሲዮን ገዙ። ሒሳቡን የማየትና ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ይህንን ነው። ትኬት የገዛ ሰው ወንበር ያገኛል፤ ሒሳቡ ግን ከእሱ ይደበቃል። የእናንተ ኮሚቴ በእውነት ደጋፊ እንዲያድነው ከፈለገ ከደጋፊው ሁለት ሰው መርጦ ሒሳቡን ያሳይ።

ታዲያ ግዙ ነው ወይስ ተዉት? አንተን በቀጥታ ልመልስልህ። ባጃጅ ነድተህ ካገኘኸው፣ ቢጠፋም ቤትህን ከማይጎዳው ብር ከሆነ፣ ክፈል። አባትህ ያሳየህን ነገር ለማቆየት መክፈል አይቆጭም። ግን በሁለት ጊዜ ክፈል፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ውድድሩ ሲጋመስ። ብሩ በክለቡ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። በግለሰብ ስልክ ቴሌብር ላኩ ካሏችሁ አትላኩ። ማኅተም ያለው ደረሰኝ ተቀበል። በሁለት ጊዜ አይሆንም ካሉህ ትኬቱን ተወውና በየጨዋታው በር ላይ ከፍለህ ግባ። ሁለቱ ጓደኞችህም እንደ ኪሳቸው ይወስኑ። አንዱ አንዱን አይጎትት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። «ክለቡን አትወጂም» ያላችኋት ነገር አሳዝኖኛል። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ባህር ዳር ስታዲየም ነበርኩ። ከአጠገቤ አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። ለሥራ ነበር የገባችው። ፊሽካው ሲነፋ ዘንቢሏን መሬት ላይ ትታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ታለቅስ ነበር። ያቺን ሴት ለቡድኑ ስንት ብር ከፈልሽ ብሎ የሚጠይቃት ማን ነው? እህታችሁም ከእናንተ ጋር አንድ ሜዳ ዳር ያደገች ልጅ ናት። አልሰጥም ያለችው ሌት ተቀን የለፋችበትን ብር ነው።

ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርስ ሦስታችሁም ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት። ፍሪጁን የምትገዛ ቀን ደግሞ አብራችኋት ሁኑ፤ ከገበያ እስከ ጣና ዳር ለአንድ ሰው ከባድ ነው።