የአያቴ ቤት የማን ነበር?

ጥያቄ፦ መናገሻ አካባቢ አያቴ ትተውልን ያለፉት የጭቃ ቤት አለ። አጎቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በርስታችን ላይ የተሠራ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት እናት ግን የጭሰኛ ቤት ነበር ይሉኛል። ክረምት ሳይገባ ልናስመርገው ነው። እውነቱን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ልጄ፣ ምርጊቱ ይቆይ! አባቴ አናጢ ነበርና ቤት ሳይ ዐይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ነው። ጭቃው በረገፈበት በኩል ቋሚዎቹን እያቸው። የአገር ጥድ ከሆኑ፣ ጥድን ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው፣ ቤቱ ብዙ ዘመን ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ከሆኑ ግን የአጎትሽ ግምት ይጠባል። ባሕር ዛፍ የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ምኒልክ ያረፉት በ1906። ተተክሎ፣ ተዳርሶ ለገበሬ ቤት ቋሚ እስኪሆን ጊዜ ይፈልጋል። በጣራው ቆርቆሮ አትተማመኚ፤ ሣሩ ተገፎ ኋላ የለበሰ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሰዎቹ ደግሞ የመሬት ግብር ደረሰኝ ፈልጊ። ከ1967 በፊት በአያትሽ ስም የተቆረጠ ካገኘሽ የአጎትሽ ቃል ይጠነክራል። የኋለኛው ግን ርስተኛነትን አያስረዳም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ስላስቀረ ከዚያ ወዲህ አራሹ በራሱ ስም ይገብር ነበር።

ጭሰኛ ቢሆኑስ? ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለመሬት እየሰፈሩ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ቤት ከመኳንንት እልፍኝ እኩል ታሪኩ ሊጻፍ ይገባዋል። የባለርስቱ ስም በመዝገብ ሰፍሯል። የጭሰኛውን ስም የያዙልሽ እኚያ እናት ናቸው፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂላቸው።

“መቼ ተሠራ?” ብለሽ አትጀምሪ። ጠላት ሲገባ ማን ይኖርበት እንደነበር፣ ጠላት ሲወጣ ማን እንደገባበት፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ጓዳ እንደተወለደ፣ የከብቱ ጋጣ በየት በኩል እንደነበረ ጠይቂያቸው። ጠላት በ1928 ገብቶ በ1933 ስለወጣ ዓመቱን ከዚያ አንቺው ታሰይዋለሽ። የነገሩሽን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር ጻፊው። አጎትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ እሳቸው ሲጀምሩ አጎትሽም የሚያስታውሱት ይኖራል።