በልጉ ሲቀር ወረዳው ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው። አባቴ የበልግ ገብስ ነው የሚያርሰው። በልጉ ግን አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል፣ ሲመጣም ያለ ጊዜው ነው። በቴሌቪዥን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ የማየው ሚኒስትርና የውጭ አገር ስብሰባ ብቻ ነው። ለመሆኑ የእኛ ወረዳ በዚህ ነገር ሥልጣን አለው? ወይስ ሰማይ ሰማይ እያየን እንቀመጥ?

መልስ፦ አለው እንጂ! ስትራቴጂና ስብሰባ የፌዴራሉ ድርሻ ነው። የአረንጓዴ ኢኮኖሚው ስትራቴጂ ለምሳሌ በ2004 ዓ.ም. የወጣ ነው። መሬትን ግን፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 52 ብታነብ፣ በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፤ የትኛው ተራራ ይከለል፣ የትኛው ቦረቦር ይገደብ የሚለው ደግሞ ወርዶ ወርዶ እናንተው ወረዳና ቀበሌ ላይ ነው የሚያልቀው።

ገንዘቡ ግን ቀጭን ነው፣ አልዋሽህም። አብዛኛው የወረዳ በጀት ደሞዝ ነው። ስለዚህ ግድብ ሥሩልን ብለህ አትድከም፤ የተሠራው እንዲጠበቅ ጠይቅ።

ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል አይደል? ኪሎ ሜትሩ ተቆጥሮ ሪፖርት ይሄዳል። ከዚያ ከብት ይለቀቅበታል፣ ክረምት ሲገባ ድንጋዩ ተንዶ ታገኘዋለህ። ማን ይጠግነዋል? ልቅ ግጦሹን ማን ይከለክላል? ሣሩን ማን አጭዶ ይወስዳል? ይሄ የሚፈልገው ሕዝቡ የተስማማበት መተዳደሪያ ደንብና ደንቡን የሚያስከብር ሰው ነው። እኔን ከጠየቅከኝ አሥር አዲስ እርከን ከሚሠራ የአምናው አንዱ ቢጠበቅ ይሻላል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሂድ፣ የመንዝ የሣር ምድር ጓሳ እዚያው አጠገብህ ነው። ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጥንት የግጦሽ አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና በክፉ ጊዜ ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴ መልሶ ያዘው፣ ክልሉም በሕግ እውቅና ሰጠው። ያለዚያ እውቅና የመንደር ስምምነት ብቻውን ከውጭ የሚመጣውን ሰው አያስቆምም፤ ከክልሉ የምትፈልጉት አንዱ ነገር ይሄው ነው።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በልጉ ቀርቶ መጋቢት ላይ ወረዳ ብትሄድ “በጀት አልቋል” ነው የምትባለው፣ እውነትም አልቆ ሊሆን ይችላል። አንተ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ዕቅድ ሲወራ፣ ቀበሌው ስብሰባ ግባና ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የዘንድሮው እርከን ስንቱ ቆሟል? የሚመጣው በልግ ቢቀርስ ለመኸር ቶሎ የሚደርስ ዘር ከየት ይመጣል? “ከላይ መመሪያ አልመጣም” ማለታቸው አይቀርም (የማይሰለች መልስ ናት)። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የመንግሥት አካል በቂ ሥልጣን ይሰጣል ስለሚል እሱን አስታውሳቸው። ጥያቄህ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታይ ግን እንዳትወጣ።