ቦክስ ከነጻው ቴሌቪዥን ለምን ራቀ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በብሪታንያ ከምትኖሩ አንባቢያን ስለ ቦክስ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቅሬታ አላቸው፤ ትልልቅ ግጥሚያዎችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማየት አልተቻለም። ቅሬታው የእኔም ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያዬን በየዓመቱ እከፍላለሁ። ለአንድ ግጥሚያ እንደገና ለምን እጠየቃለሁ?

መልስ፦ የፈቃዱ ገንዘብ በዋናነት የሚሄደው ለቢቢሲ ነው። ግጥሚያውን የማሳየት መብት ደግሞ በፕሮሞተሮች (ግጥሚያውን በሚያዘጋጁት) እጅ ስለሆነ አብልጦ ለከፈለ ይሸጡታል። ቀድሞ ነጻዎቹ ጣቢያዎች ይገዙት ነበር። ሰኔ 1985 ባሪ ማክጊጋን በለንደኑ ሎፍተስ ሮድ ስታዲየም ኤውሴቢዮ ፔድሮዛን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በቢቢሲ ተመልክቶታል። ጥቅምት 1993 ናይጀል ቤንና ክሪስ ዩባንክ በኦልድ ትራፎርድ አቻ የተለያዩበትን ግጥሚያ በማስታወቂያ በሚተዳደረው ነጻ ጣቢያ በአይቲቪ ያየው ከ16 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው መጋቢት 1996 ነው። ማይክ ታይሰንና ፍራንክ ብሩኖ በላስ ቬጋስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገጥሙ፣ የክፍያ ቴሌቪዥኑ ስካይ በብሪታንያ የመጀመሪያውን በየግጥሚያው የሚከፈልበት ስርጭት በ10 ፓውንድ ገደማ አቀረበ። ብሩኖ በ3ኛው ዙር ተሸነፈ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ግን ከፍለው ነበር። ሒሳቡን አስቡት። 500,000 ቤት ሃያ ሃያ ፓውንድ ቢከፍል በአንድ ሌሊት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰበሰባል። ነጻ ጣቢያ ከአንድ ግጥሚያ ማስታወቂያ ይህን ያህል ገንዘብ ማግኘት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ቦክስ ለፕሮግራም አዘጋጅ አስቸጋሪ ነው። ለ12 ዙር የተመደበ ሰዓት በመጀመሪያው ዙር ዝረራ ሲያበቃ፣ ለቀሪዎቹ ዙሮች መካከል የተሸጠው ማስታወቂያ ሁሉ ቦታ ያጣል።

ሙከራዎች አልጠፉም። ቢቢሲ የሲድኒው ኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት ኦድሊ ሃሪሰንን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ለ10 ግጥሚያ አስፈረመ፤ ተቀናቃኞቹ ደካሞች ስለነበሩ ተመልካቹ ተሰላቸ። አሚር ካን በአይቲቪ ጀምሮ ወደ ስካይ ተሻገረ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የካርል ፍሮች ነው። ታኅሣሥ 2008 በኖቲንግሃም የዓለም ቀበቶ ሲያገኝ አይቲቪ አሳይቶታል። ከአራት ወር በኋላ በአሜሪካ ጄርሜይን ቴይለርን በ12ኛው ዙር የመጨረሻ ሰከንዶች ሲያሸንፍ ግን አንድም የብሪታንያ ጣቢያ በቀጥታ አላስተላለፈውም።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ መንግሥት በሕግ ማስገደድ አይችልም?

መልስ፦ ይችላል፤ በከፊልም አድርጎታል። የ1996ቱ የብሮድካስቲንግ ሕግ የሚጠብቃቸው ውድድሮች አሉ። ኦሊምፒክ፣ የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ፣ የኤፍኤ ካፕና የዊምብልደን ፍጻሜዎች በቀጥታ ለነጻ ጣቢያዎች እንዲቀርቡ ያዛል። ሁለተኛ ምድብም አለው፤ በዚህኛው ቀጥታው ለከፋይ ቢሸጥም ዋና ዋና ክፍሎቹ በነጻ መታየት አለባቸው። ፕሮፌሽናል ቦክስ በሁለቱም ውስጥ የለም። ቋሚ ቀን የሌለውንና የግለሰብ ንብረት የሆነውን ግጥሚያ በመጀመሪያው ምድብ ማስገባት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ብሪታንያዊ ሻምፒዮን በገዛ አገሩ ቀበቶውን ሲከላከል በሁለተኛው ምድብ የማይገባበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ሕግ ብቻውን እንደማይወስንም አስተውሉ። የለንደን ማራቶን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቢቢሲ ስለመረጠው ግን ትዕግሥት አሰፋ በ2025 ስታሸንፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አየናት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ቦክስ አደገኛ ስለሆነ አይደለም ጣቢያዎቹ የሸሹት?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ አደጋው ግን እውነት ነው። መስከረም 1991 ማይክል ዋትሰን ከዩባንክ ጋር ሲገጥም አንጎሉ ተጎዳ። የካቲት 1995 ጄራልድ ማክሌላን ከቤን ጋር ባደረገው ግጥሚያ ለዘለቄታው አካል ጉዳተኛ ሆነ። ሁለቱንም ሚሊዮኖች በአይቲቪ አይተዋቸዋል። ዋትሰን የብሪታንያን ቦክስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ከስሶ ረታ፤ የሕክምናው ዝግጅት ጉዳይ ከዚያ በኋላ ችላ የሚባል አልሆነም። በ2003 ደግሞ የለንደን ማራቶንን በስድስት ቀን ተጉዞ ጨረሰ። እንዲህ ያለ ስፖርት ከብዙ ዓይን ሲሰወር አደጋው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ጥያቄ (ከማንችስተር)፦ ቦክሰኞቹ በዚህ መንገድ ሀብታም ከሆኑ ምን ቸገረን?

መልስ፦ ጤናውን አስይዞ የሚፋለም ሰው ጥሩ ቢከፈለው ደስ ይለኛል። ገንዘቡ ግን ከላይ ባሉት ጥቂቶች ዘንድ ይከማቻል። በትንሽ አዳራሽ የሚጀምረው ልጅ የሚከፈለው ራሱ ከሸጠው ትኬት ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ከሌለ ማን ይገዛዋል? አንቶኒ ጆሹዋን ተመልከቱ። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ሲወስድ አገር ሁሉ በቢቢሲ አየው። ሚያዝያ 2017 የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክሊችኮን ሲገጥም ዌምብሊ በ90,000 ሰው ሞላ፤ በቤቱ ማየት የፈለገ ለስካይ ከፈለ። ከፋዩን ያፈራው ነጻው ስርጭት ነበር። ፕሮሞተሮች ይህን እያወቁ ለነገ ተመልካች ምንም አለመመደባቸው ያናድደኛል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ በቴሌግራም በሚላክ ሊንክ ባየውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሕገወጥ ነው፤ ለስልክዎም አደገኛ ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ 5 ላይቭ ብዙ ትልልቅ ግጥሚያዎችን በነጻ በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ጥሩ ተንታኝ እያንዳንዱን ቡጢ ያሳይዎታል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የ14 ዓመት ልጄ ቦክስ ይለማመዳል። ለስካይም፣ በኢንተርኔት ስፖርት በክፍያ ለሚያሳየው ለዳዝንም መክፈል አልችልም። ምን ላሳየው?

መልስ፦ በ2025 መጨረሻ ቢቢሲ ቦክሰር ከተባለው ፕሮሞተር ጋር ተዋውሎ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ተመልሷል፤ ቻናል 5ም አልፎ አልፎ ያሳያል። ሁለቱንም ይከታተሉ፤ ተመልካች ሲያገኙ ይቀጥላሉና። ከቻሉ ደግሞ በምሥራቅ ለንደን ቤትናል ግሪን ወደሚገኘው ዮርክ አዳራሽ አንድ ምሽት ይውሰዱት። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ከኋላ ወንበርም ቢሆን የቦክሰኞቹን እግር አጣጣል በደንብ ያያል፤ በዚህ ዕድሜው የሚጠቅመው እሱ ነው።