መልስ፦ የዱቄት ወተት ጨረር አለው ወይ?

«የዱቄት ወተት ጨረር አለው ሲሉ ሰምቼ ለልጄ መስጠት ፈራሁ» ላልሽው፣ አይዞሽ እህቴ። አለው፣ ግን ፖታሲየም-40 የሚባለው የተፈጥሮ ነው፤ ሙዝና ድንች ውስጥም አለ። በ1 ኪሎ ዱቄት 400 ቤኬሬል ገደማ ይገኛል (ቤኬሬል በሰከንድ ስንት አተም ጨረር እንደሚለቅ የሚቆጥር መለኪያ ነው)። ያስደነግጣል አይደል? አዋቂ ሰው ራሱ ገላው ውስጥ 4,000 አካባቢ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ደግሞ ሰውነት ፖታሲየሙን ስለሚቆጣጠር ትርፉ በሽንት ይወጣል እንጂ አይጠራቀምም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄቱን በዕቃ ሞልተው ጋማ የሚባለውን ጨረር መለኪያ ላይ ለሰዓታት ያስቀምጡታል፤ በሚወጣው ግራፍ 1460 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ጉብ የሚለው ፖታሲየሙ ነው። 662 ላይ ከታየ ግን ሲዚየም-137 ነው፣ ከቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ (1986 እ.ኤ.አ.) በኋላ አውሮፓ ወተት ውስጥ ሲፈልጉት የነበረው፤ እኔ ብሆን የምጠይቀው ስለ እሱ ነው። ቤት ውስጥ ይልቅ የምትበጠብጪበትን ውሃ በደንብ አፍዪው።